ስለ ማይኩ ንገሪው

ማሚዬ፣

ካመለከትሽበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከኤም አይ ቲ፣ ለመግቢያ ኢንተርቪው የሚያገኝሽ ሰውዬ ኢሜይል እንደላከልሽ እናትሽ ቴክስት አድርጋ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ አንቺ ከትምህርት ቤት ትገቢያለሽ፣ እኔ ስገባ አንቺ ተኝተሻል። እስከ ቅዳሜ ቁጭ ብለን የምናወራበት ጊዜ የምናገኝ አይመስለኝም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። በአማርኛ የምጽፍልሽ ሆን ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ብጽፈው የምፈልገውን ግማሹን ብቻ ነው የምለው። የከበደሽን ቃል እናትሽን ጠይቂያት።

የእሁዱን የኢንተርቪው ልምምድ ላንሳ። እኔ ጠያቂ፣ አንቺ ተጠያቂ ሆነን ሳሎን ተቀመጥን። «እስቲ ስለራስሽ ንገሪኝ» አልኩሽ። ጀመርሽ። አባቴ በዲቪ መጣ፣ ቀን ፓርኪንግ ሌሊት ታክሲ ሠራ፣ እናቴ አሮጊት እየጠበቀች ነርሲንግ ተማረች፣ አያቴ ቤት ሸጣ ለመሳፈሪያ ሰጠቻቸው። እናትሽ ኩሽና በር ላይ ቆማ እንባዋን ጠረገች። አነጋገርሽ ግሩም ነው፣ አንድም ቦታ አልተደናቀፍሽም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ሁሉ ስታወሪ እኔ አለሁበት፣ እናትሽ አለችበት፣ አያትሽም አለችበት። አንቺ የለሽም።

ቅር እንዳይልሽ። የወላጅን ድካም አለመርሳት የጨዋ ልጅ ወግ ነው፣ በሌላ ቀን ብሰማው እኔም አለቅስ ነበር። ግን ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ላይ ወጥቶ የሚመጣው እኔን ኤም አይ ቲ ለማስገባት አይደለም። እኔማ በዚህ ዕድሜዬ ካልኩለስ ከየት አባቴ አመጣለሁ።

ቤታችን ውስጥ ኢንተርቪው ሲባል ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔና እናትሽ የምናውቀው ሌላ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ፣ ኤምባሲ፣ በመስታወት በኩል። ዲቪ የደረሰው ሰው የሚሸከመውን ወረቀት አላየሽም። የልደት ሰርተፊኬት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ የፖሊስ ወረቀት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ስፖንሰር። ቀድመው ያለፉ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ደግሞ አንድ ነው። የጠየቁህን ብቻ መልስ፣ አታብዛ። አንዲት ቃል ከጨመርክ እሷን ይዘው ሌላ ጥያቄ ያመጡብሃል። ሁለተኛው የዜግነት ፈተና ነው። በኛ ጊዜ 100 ጥያቄ ታጠኛለሽ፣ እስከ 10 ይጠይቁሻል፣ 6 ከመለስሽ አለፍሽ። የአሜሪካ ዋና ከተማ ማን ናት? ዋሽንግተን ዲሲ። አለቀ። ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ምን ይሰማሃል ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በነዚህ ሁሉ ጠያቂው ፋይልሽን ፊቱ ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። የምትዪውን ከያዘው ጋር ያስተያያል። ትክክለኛ መልስ አለ፣ የተሳሳተ መልስ አለ፣ ከሁሉም የሚሻለው አጭሩ መልስ ነው።

የቅዳሜው ሰውዬ ፋይል የለውም። ስምሽን፣ ትምህርት ቤትሽንና ኢሜይልሽን ነው የሚያውቀው። ግሬድሽን አላየም፣ የኤስ ኤ ቲ ፈተና ውጤትሽን አላየም፣ ሳምንት ሙሉ እየጻፍሽ ስታጠፊው የነበረውን ድርሰትም አላነበበም። ኤም አይ ቲ እነዚህን ሰዎች ኤጁኬሽናል ካውንስለር ይላቸዋል። እዚያው ተምረው የጨረሱ ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፣ በፈቃዳቸው ነው የሚሠሩት። አግኝተውሽ ሲያበቁ ሪፖርት ጽፈው ይልካሉ። ግቢ አትግቢ የሚለውን የሚወስኑት ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ያሉት የመግቢያ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው። እሱ አይወስንም። ወረቀቱ ላይ የማትታየውን ልጅ አይቶ መንገር ነው የሱ ሥራ።

አሁን ሰውዬውን ማታ ቤቱ አስቢው። ልጆቹን አስተኝቶ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ሊጽፍ ተቀምጧል። ከአንቺ በፊት ሌላ ልጅ አግኝቷል፣ ከአንቺ በኋላም ያገኛል። «ታታሪ ናት፣ ትሑት ናት፣ ቤተሰቧን ታከብራለች» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አይደለም። ግን ይህን ስለ ስንቱ ልጅ ይጽፈዋል? የሚጽፈው ነገር ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ያንቺ ፈንታ ነው። አጭር መልስ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳሽ።

ይህን የምልሽ ስለማውቅሽ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ልጅን የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። ትምህርት እንዴት ነው? ጥሩ ነው። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ? ዶክተር። ከዚያ ጉንጭሽን ስመው ይሄዳሉ። አንቺ ዶክተር መሆን እንደማትፈልጊ ቤተ ክርስቲያን ያሉት እናቶች እስካሁን አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ከጓደኞችሽ ጋር ስትሆኚ አፍሽ አያርፍም፣ ትልቅ ሰው ፊት ስትቀመጪ ግን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ዓይን ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ የሚለው ምክር ለኛ ለመጤዎቹ ነው፣ አንቺ ያ ችግር የለብሽም። ያንቺ ችግር ቶሎ መዝጋት ነው። ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ ግን የአባትሽ ጓደኛ አይደለም። አውሪለት።

ምን ላውራ ብትዪኝ፣ ስለ ማይኩ ንገሪው።

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ታስታውሻለሽ። ሰባኪው ማይኩን ወደ አፋቸው ባስጠጉ ቁጥር ይጮኻል፣ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይይዛሉ። የኮሚቴው ሰዎች የሚያውቁት መፍትሔ ድምፁን መቀነስ ብቻ ነበር። ሲቀንሱት ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ያሉት እናቶች ምንም አይሰሙም። አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትሄጃለሽ። ቴክስት የምታደርጊ መስሎኝ እናትሽን በክርኔ ነካ አደረግኳት። ለካ ድምፁን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ የሚያሳይ አፕ ከፍተሽ የቱ ላይ እንደሚጮኽ ትፈልጊ ኖሯል። ከዚያ የድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ሚክሰሩ ጋ ሄደሽ፣ ወንድሞችን አስፈቅደሽ፣ አንዷን ቁልፍ ትንሽ ወደ ግራ አዞርሽ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ድምፁን እንደገና ከፍ አደረጋችሁት፣ እናቶችም ሰሙ።

ማታ እራት ላይ እናትሽ «ምን አድርገሽው ነው?» ብላ ጠየቀችሽ። ድምፁ ከስፒከሩ ይወጣል፣ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ሚክሰሩ ያጎላውና እንደገና በስፒከሩ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። በዞረ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ይጮኻል። ግን ሁሉም ድምፅ እኩል አይጮኽም፣ ያ አዳራሽ የሚያስተጋባት አንዲት ድምፅ አለች። ስለዚህ ሁሉንም ከመቀነስ እሷን ብቻ መቀነስ ነው። ይህን ስትናገሪ እጅሽ ላይ ያለውን ጉርሻ ረስተሽው ነበር። ሽሮው ቀዘቀዘ። እናትሽ ነርስ ናት፣ ስለ ሚክሰር ምኗም አይደለም፣ ግን እሷም መብላቷን ትታ ታዳምጥሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሽውንም አትርሺ። ስፒከሮቹ ከማይኩ ፊት ለፊት እንዳይሆኑ ቦታ አስቀየርሻቸው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አስተማርሽ። ሚክሰሩ ላይ «ይህቺን አትንኩ» ብለሽ በአማርኛ የለጠፍሽው ወረቀት እስካሁን እዚያው አለ። ፊደሉ ተንጋዷል፣ ግን ማንም አልነካትም።

ልክ ለእናትሽ እንደነገርሻት ንገሪው። የኛም ነገር በዚያ በኩል ራሱ ይመጣል። ለምን እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄጂ፣ እነዚያ እናቶች እነማን እንደሆኑ፣ ስብከቱን መስማት ለምን የሳምንታቸው ትልቁ ነገር እንደሆነ ይጠይቅሻል። ያን ጊዜ አባቴ እንዲህ ነበር ብትዪ ነውር የለውም። ከአንቺ ተነስተሽ ወደኛ ድረሺ እንጂ ከኛ ጀምረሽ እዚያው አትቅሪ።

መቼም የኔን ነገር ታውቂያለሽ፣ ያነበብኩትን ሳልናገር አላድርም። ይህ ኢንተርቪው ሲጀመር ደግ ነገር አልነበረም። በ1920ዎቹ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን በፈተና የሚያልፉ የአይሁድ ልጆች በዙብን ብለው ተጨነቁ። በ1922 የሃርቫርዱ ፕሬዝዳንት ሎውል ኮታ እናስቀምጥ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ኮታው በግልጽ ሲያስነቅፍ «ጠባይ» የሚባል መለኪያ መጣ፣ የአመልካች ፎቶግራፍ መጣ፣ ፊት ለፊት ማነጋገር መጣ። ልጁን ለማወቅ ሳይሆን ለማበጠር። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሃርቫርድ ላይ የተከፈተው ክስ በ2018 ቦስተን ሲታይ አንድ ነገር ወጣ። የመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ ለእስያ አሜሪካውያን ልጆች በጠባይ በኩል ከነጮቹ ያነሰ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ልጆቹን አግኝተው ያነጋገሩት የቀድሞ ተማሪዎች ግን ለሁለቱም ተቀራራቢ ነጥብ ነበር የሰጡት። ሃርቫርድ አድልዎ አላደረግኩም ብሎ ተከራክሯል። እኔ ግን ከዚያ የያዝኩት፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ለሰው ልጅ ዕድል እንደሚሰጥ ነው።

ያው ክስ ሰኔ 2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አለቀ፣ ዘርን ራሱን እንደ ነጥብ መቁጠርም ቀረ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ግን አንድ በር ክፍት ትተዋል። ልጁ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ከተናገረና ያም ከራሱ ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር ከተያያዘ ዩኒቨርሲቲው ሊያየው ይችላል ብለው ጽፈዋል። የሐበሻ ልጅ ነኝ፣ የስደተኛ ልጅ ነኝ ማለት በደፈናው አያስኬድም ማለት ነው። አንቺ በዚያ ምን ሠራሽበት ነው ጥያቄው። የአገሪቱ ትልቁ ዳኛ ከኔ ጋር ተስማምተዋል ብዬ እናትሽን እያናደድኳት ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ከቻትጂፒቲ አውጥተሽ ያተምሽው የጥያቄ ዝርዝር ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አየሁት። መልሶቹንም አብሮ ጽፎልሻል። መልሶቹን ቀዳድጂያቸው። ሰው በቃል የያዘውን ሲያነበንብ ድምፁ ያስታውቃል፣ ይህ ሰውዬ ደግሞ ስንቱን ልጅ ሰምቷል። ከጥያቄዎቹ ሦስቱን ብቻ አስቢባቸው።

አንዱ፣ ማንም ሳያዝሽ የምትሠሪው ምንድነው የሚለው ነው። እሱን ጨርሰናል።

ሌላው ያልተሳካልሽ ነገር። እዚህ ላይ «ችግሬ ለጥራት በጣም መጨነቄ ነው» የምትል መልስ አይቻለሁ፣ እባክሽ ተያት። ራስሽ የሠራሻት አምፕሊፋየር ጭስ ያወጣችበትን ቀን ንገሪው። የጭስ አላርሙ ጮኾ፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች በፒጃማ ወርደው፣ እናትሽ ፎጣ እያራገበች። ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ የተቃጠለችውን ዕቃ በአጉሊ መነጽር ስታዪ፣ የቱ ጋ ሙቀቱ መውጫ እንዳጣ ስትፈልጊ ከረምሽ። ሁለተኛዋ አምፕሊፋየር እስካሁን ትሠራለች። አሳፋሪ ታሪክ አይደለም፣ እንዲያውም እየሳቅሽ ንገሪው።

ሦስተኛው ለምን ኤም አይ ቲ የሚለው ነው። አደራ ቁጥር አንድ ስለሆነ ነው አትበዪ። ሰውዬው ቁጥር አንድ መሆኑን ያውቀዋል፣ ተምሮበታል። አንቺ ግን እውነተኛ ምክንያት አለሽ። ትምህርታቸውን ኦፕን ኮርስዌር በሚሉት ዌብሳይታቸው ላይ በነፃ አስቀምጠውታል፣ አንቺም የፕሮፌሰራቸውን የአላን ኦፐንሃይምን ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ የሚባል ትምህርት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስታዪ ነበር። በ1987 የተቀረፀ ነው፣ እኔ የድሮ ኢቲቪ ዜና መስሎኝ ነበር። ግማሹ አልገባኝም ብለሽኝ ነበር። ለሱም እንደዚያው በዪው፣ የቱ ጋ እንደጠፋብሽ ጭምር። ይህን የሚል ልጅ ብዙ ያገኛል ብዬ አላስብም።

የድምፅ ነገር ከተነሳ ደግሞ አማር ቦስን አንብቢ። አባቱ ከሕንድ፣ ከካልካታ የተሰደዱ ሰው ናቸው፣ ልጁ ፊላደልፊያ ውስጥ ራዲዮ እየጠገነ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። በ1956 ኤም አይ ቲ ተማሪ ሳለ ጥሩ ስቴሪዮ ገዝቶ ድምፁ ቅር አሰኘው። በ1964 በስሙ የሚጠራውን የስፒከር ኩባንያ፣ ቦስን አቋቋመ፣ ማስተማሩንም አልተወም። በ2011 ከኩባንያው ድርሻ አብዛኛውን ለኤም አይ ቲ ሰጠ። ይህን ግን አጥንተሽ እንዳትዘረግፊለት። ጥሞሽ ከሆነ በወሬ መሃል ራሱ ይመጣል፣ ካልጣመሽ ይቅር።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ይልሻል። የለኝም ማለት ክልክል ነው። ስንት ተማሪ አላችሁ ዓይነት ጥያቄ ግን ዌብሳይቱ ላይ አለ፣ የሰውዬውን ጊዜ አታባክኚ። እሱ ብቻ የሚመልሰውን ጠይቂው። መጀመሪያ ዓመት ላይ ምን ከበደህ? የማትረሳው የትኛውን ክፍል ነው? እንደገና ብትገባ ምን ትቀይራለህ? ሰው ስለ ተማሪነቱ ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል። ከዚያ አዳምጪው፣ ቀጣዩን ጥያቄሽን እያሰብሽ ሳይሆን የምርሽን።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ለኢሜይሉ ዛሬውኑ መልሺ፣ ሁለት መስመር ይበቃል። ስፓም ፎልደርሽንም እስከ ቅዳሜ ድረስ ተመልከቺው። የማታውቂው ቁጥር ሲደውል አንሺ፣ እናንተ ልጆች ስልክ እንደ እሳት ነው የምትፈሩት። ገንዘብ ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ግን እሱ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጊበት። ሱፍ ልብስ አያስፈልግም፣ ንጹሕ ሹራብና ጂንስ ይበቃል። እናትሽ የሀበሻ ቀሚስ ይሁን ብላለች፣ እኔ ዝም ብያለሁ፣ አንቺ ተናገሪያት። ግሬድሽን ካልጠየቀሽ አታንሺ። ሌላ የት አመለከትሽ አይልም፣ ቢልሽም ምሕንድስና ባለበት ጥቂት ቦታ ብለሽ እለፊው። የማታውቂውን ሲጠይቅሽ «እስቲ ላስብበት» በዪና በእርግጥ አስቢበት። ዝምታው ላንቺ ይረዝምብሻል እንጂ ለሱ አይታወቀውም። የገንዘብ ነገር አይነሳ፣ ሰውዬው ስለሱ የሚያውቀው የለም። ኤም አይ ቲ ሲቀበል የቤተሰብን አቅም አያይም፣ ከተቀበለ በኋላ የጎደለውን ይሞላል። ፋፍሳና ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባሉት የገንዘብ እርዳታ ቅጾች የኔና የእናትሽ ሥራ ናቸው፣ የዓመቱን የታክስ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ።

ቡና ቤት ቀድመሽ ከደረስሽ የራስሽን ሻይ ግዢና ተቀመጪ። እሱ ልግዛልሽ ካለ «አይ፣ አይ፣ በፍጹም» እያልሽ ካሸሩ ፊት የሐበሻ ትግል እንዳትጀምሪ። አመስግነሽ ተቀበዪ። ስጦታ አይወሰድም። እናትሽ ድፎ ዳቦ ልጋግርለት ብላ ዱቄት ገዝታለች፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይገኝም ባይ ናት። ለዳቦ ብሎ የጻፈ እንዳይመስል ነው የምከለክለው። ምናልባት ደግሞ ሰውዬው ሐበሻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ በስሙ ባይመስልም በዚህ በኛ አካባቢ አይታወቅም። ከሆነ ሰላምታውን በአማርኛ ተለዋወጡና ወደ ጉዳያችሁ ግቡ። የማን ልጅ ነሽ ወደሚለው ከገባችሁ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

እኔ አብሬሽ አልገባም። ወላጅ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ገልጦ የሚቀመጥበት ጉዳይ አይደለም፣ ሰውዬውም አይወደውም፣ አንቺም በየመልሱ ወደኔ ታያለሽ። መኪና ውስጥ ነኝ።

ስለ ክብደቱ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ይህ ኢንተርቪው ትንሽ ነገር ነው። ዋናው አራት ዓመት የተማርሽው፣ መምህራኖችሽ የጻፉልሽና አንቺ የጻፍሽው ነው። እዚያ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይገባም፣ ጥሩ ሪፖርት የተጻፈላቸው ብዙ ልጆችም ይቀራሉ። ጓደኛሽ እስካሁን ሰው አልጻፈልኝም ብላ እንደምትጨነቅ ነግረሽኛል። በአካባቢዋ ጊዜ ያለው የቀድሞ ተማሪ ካልተገኘ ነው፣ በዚያ ምክንያት የሚቀነስባት ነገር የለም፣ ንገሪያት። ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ብራውን የቀድሞ ተማሪዎቹን ትቶ ልጆቹ ራሳቸውን ቀርፀው አጭር ቪዲዮ እንዲልኩ ያደርጋል።

መልሱ መጋቢት ውስጥ፣ እነሱ ፓይ ዴይ በሚሉት በማርች 14 ነው የሚወጣው ብለሽኛል። ያን ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ። ካልሆነ እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለልሽ፣ የምሕንድስና ትምህርታቸው የታወቀ ነው፣ እሁድ እሁድም ሚክሰሩን የሚያይልን ሰው አናጣም። ይህን ለማጽናናት የምለው አይደለም፣ እኔ በልቤ ለዚያኛው ትንሽ አደላለሁ፣ ግን እናትሽ አትስማ።

ቅዳሜ ስትጨርሺ፣ ማታውኑ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኪለት። ከነገረሽ ነገር አንዱን አንስተሽ፣ እሱን በማሰብሽ ምን እንደመጣልሽ ጻፊ። ለኔ አታሳዪኝ፣ ኮማ መጨመር እጀምራለሁ። ቀጠሮው ጠዋት በአሜሪካ 10 ሰዓት ነው፣ ከቤት 9:15 እንወጣለን፣ ቤተዝዳ ፓርኪንግ ማግኘት መከራ ነው። ዓርብ ማታ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ። ድፎው መጋገሩ አይቀርም፣ መኪና ውስጥ እኔ ጋ ይቀመጣል።

አባትሽ